«የምድር ጨው»፦ ከማዕድኑ በር እስከ ጓዳው

ኪነ ጥበብ ከኅብረተሰብ ኑሮ የምትቀዳ፣ ተመልሳም ያንኑ ኑሮ የምታጠጣ ምንጭ ናት ሲባል ብዙ ጊዜ ይሰማል። አባባሉ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ከማን ኑሮ፣ ከማን ቤት፣ ከየትኛውስ የቤቱ ክፍል እንደምትቀዳ ካልተጠየቀ ከመፈክርነት አያልፍም። ይህን ጥያቄ ሳይሸሹ ከተጋፈጡት የሃያኛው መቶ ዓመት ሥራዎች አንዱ በኸርበርት ቢበርማን አዘጋጅነት፣ በማይክል ዊልሰን ደራሲነት፣ በፖል ጃሪኮ አስተባባሪነት ተሠርቶ በ1954 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉት ዘመናትም እንዲሁ ናቸው) በኒው ዮርክ ከተማ ለሕዝብ የቀረበው «የምድር ጨው» የተሰኘው የአሜሪካ ፊልም ነው።

ፊልሙ የሚተርከው ታሪክ በዩናይትድ ስቴትስ የማኅበራዊ ኑሮ ታሪክ ውስጥ ተገቢ ቦታውን ሳያገኝ የቆየ ታሪክ ነው። የፕሬዚዳንቶች ስም፣ የጦር ሜዳ ድል፣ የባቡር ሐዲድ መዘርጋት በሰፊው በሚተረክበት አገር፣ በኒው ሜክሲኮ ግዛት በምትገኝ አንዲት ትንሽ የማዕድን ሰፈር የሠራተኛ ሚስቶች ሕፃናት አቅፈው የአድማውን መስመር ከባሎቻቸው እጅ የተረከቡበት ዕለት ብዙ አይነሣም። ያ ዕለት ግን በአንድ ጊዜ ሁለት ነገሮችን ለውጦአል። በማዕድኑ በር ላይ የኃይል ሚዛኑን ለወጠ፤ በየቤቱ ጓዳም እስከዚያ ድረስ ያልተጠየቀ ጥያቄ አስነሣ። የፊልሙ ታላቅነት የሚለካው ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ለመጀመሪያው ጥያቄ ሲል ባለማፈኑ ነው።

አድማውና አመጣጡ

የፊልሙን ዋጋ ለመመዘን በቅድሚያ የተመሠረተበትን ታሪክ ማወቅ ይገባል። ኒው ሜክሲኮ በ1846 ተጀምሮ በ1848 እስከተፈጸመው ጦርነት ድረስ የሜክሲኮ ምድር ነበረች። ከጦርነቱ በኋላ ድንበሩ ሰውን ተሻግሮ ሄደ፤ ነባሩ ነዋሪም በአያቶቹ መሬት ላይ እንደ መጤ መቆጠር ጀመረ። የማዕድን ኩባንያዎች በአካባቢው ሲስፋፉ ይህ የዘር ልዩነት የደመወዝ ልዩነት ሆነ። የሜክሲኮ ዘር ያለው ሠራተኛ ከነጩ ሠራተኛ ያነሰ ይከፈለው፣ ከባዱና አደገኛው ሥራ ይመደብለት ነበር። የመኖሪያ ሰፈሩ ብቻ ሳይሆን በሲኒማ ቤት ውስጥ መቀመጫው እንኳ የተለየ ነበር። ኩባንያው ለሠራተኞቹ ከሚያከራያቸው ቤቶች ውስጥ የነጮቹ ቧንቧ ሲገባላቸው፣ የሜክሲካውያኑ ሚስቶች ግን ውኃውን ከደጅ ቀድተው በማገዶ ያሞቁት ነበር።

በጥቅምት ወር 1950 በሃኖቨር ሰፈር የኢምፓየር ዚንክ ኩባንያ ሠራተኞች አድማ መቱ። ሠራተኞቹ የዓለም አቀፉ የማዕድን፣ የወፍጮና የማቅለጫ ሠራተኞች ማኅበር 890ኛ ቅርንጫፍ አባላት ነበሩ። ከጥያቄዎቻቸው ዋና ዋናዎቹ ከማዕድኑ አፍ እስከ ሥራው ቦታ ድረስ ከመሬት በታች በመውረድና በመውጣት የሚያልፈው ጊዜ እንዲከፈላቸውና በበዓል ቀናት ከነደመወዛቸው እንዲያርፉ ነበር። በሌሎች ማዕድን ቤቶች የተፈቀደው ለእነርሱም እንዲፈቀድ እንጂ ከዚያ የበለጠ አልጠየቁም። ጊዜው ግን የቀዝቃዛው ጦርነት ጊዜ ነበር። ዋናው ማኅበራቸው በኮሚኒስቶች ይመራል በሚል ክስ በዚያው በ1950 ከታላቁ የሠራተኛ ማኅበራት ጉባኤ ተባርሮ ስለነበር አድመኞቹ የቆሙት ያለ ጠንካራ አጋር ነው።

አድማው ስምንት ወር ካስቆጠረ በኋላ በሰኔ 1951 ፍርድ ቤቱ የእግድ ትእዛዝ አወጣ። አድመኛ ሠራተኛ በማዕድኑ በር ቢሰለፍ ይታሰራል፤ ካልተሰለፈ ደግሞ አድማ ሰባሪዎች ይገባሉ፤ አድማውም ያከትማል። በዚህ ጭንቅ መካከል በስብሰባው ላይ አንድ ቀላል እውነት ተነገረ። ትእዛዙ የተጻፈው ለማኅበሩና ለአድመኞቹ ሠራተኞች ነው፤ ስለ ሚስቶቻቸው የሚለው ነገር የለም። ወንዶቹ ረጅም ሰዓት ተከራከሩ። ብዙዎቹ ሚስቶቻቸውን ከፖሊስ ፊት ማቆም ነውር ነው አሉ። በመጨረሻ ሴቶቹ ጭምር ድምፅ ሰጥተው ሐሳቡ አለፈ፤ ሰኔ 13 ቀንም ሴቶቹ በማዕድኑ መንገድ ላይ ተሰለፉ። አስለቃሽ ጋዝ ተተኮሰባቸው፤ መኪና ተነዳባቸው፤ ከነልጆቻቸው ወደ እስር ቤት ተጋዙ። ሲፈቱ ተመልሰው ተሰለፉ። መስመሩን ሳይለቁ እስከ ጥር 1952 ድረስ ቆዩና ኩባንያው ተስማማ። አሥራ አምስት ወር የፈጀው አድማ የደመወዝ ጭማሪ አስገኘ፤ ከዚያም ሙቅ ውኃ የሚያመጣው ቧንቧ ወደ ቤቶቻቸው ገባ።

ጭብጡና ገጸ ባሕርያቱ

ዊልሰን ይህን ሰፊ ታሪክ ወደ ድራማ ሲለውጥ በአንድ ቤት ውስጥ ሰበሰበው። ቤቱ የራሞን ኪንቴሮና የሚስቱ የኤስፔራንዛ ቤት ነው። የስሟ ትርጉም በስፓኝኛ ተስፋ ማለት ነው። ታሪኩን የምትተርከውም እርሷ ናት። ፊልሙ ሲከፈት ካሜራው ወደ ማዕድኑ ጕድጓድ አይወርድም፤ ደጅ ላይ ማገዶ ስትፈልጥ፣ ውኃ ስታሞቅ፣ ልብስ ስታጥብ ያሳያታል። ሦስተኛ ልጇን አርግዛለች። ዕለቱ በስሟ የምትጠራበት ቅድስት በዓል የሚከበርበት ቀን ሆኖ ሳለ ባልዋ ረስቶታል። በዱቤ የተገዛው ሬዲዮ እንኳ በመካከላቸው የጠብ ምክንያት ሆኖአል። ተመልካቹ ስለ አድማው አንድ ቃል ሳይሰማ የቤቱ ሸክም በማን ጫንቃ ላይ እንዳለ ያውቃል።

በማዕድኑ ውስጥ አደጋ ደርሶ ሠራተኛ ሲጎዳ የአድማው ነገር ይነሣል። ነጮቹ ሠራተኞች ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲሠሩ ሜክሲካውያኑ የፈንጂውን ክር ብቻቸውን እንዲለኩሱ ይገደዳሉ። ወንዶቹ የሥራ ደኅንነት ይከበር ይላሉ። ሴቶቹ ደግሞ ከጥያቄዎቹ ጋር የቧንቧ ውኃና የንጽሕና ጉዳይ ይጨመር ብለው ይመጣሉ። ወንዶቹ ይህን የሴቶች ጉዳይ አድርገው ለሌላ ጊዜ ያስተላልፉታል። የተውኔቱ ቅራኔ ሁሉ የሚፈልቀው ከዚህች «ለሌላ ጊዜ» ከምትባል ነገር ነው። ደራሲው ወንዶቹን ክፉ አላደረጋቸውም፤ ደኅንነት ከውኃ ይቀድማል ማለታቸው ለሰሚው ምክንያታዊ ይመስላል። ኋላ ግን ሚስቶቻቸው በአድማው መስመር ላይ ሲቆሙ ልብሱን ማጠብ፣ ማገዶውን መፍለጥ፣ ልጅ መጠበቅ የእነርሱ ዕጣ ይሆናል። ራሞን ልብስ እያሰጣ ከጎረቤቱ ጋር ሲነጋገር ሙቅ ውኃ ከመጀመሪያ ጀምሮ ከማኅበሩ ጥያቄዎች መካከል መሆን እንደነበረበት ይገባዋል። ስብከት ያላስተማረውን ገበቴው አስተማረው። ትዕይንቱ ያስቃል፤ ሣቁ ግን ዕውቀት የሚወልድ ሣቅ ነው።

በሥነ ጥበብ በኩል ከሁሉ የላቀው ክፍል የልደቱ ትዕይንት ነው። ኤስፔራንዛ በአድማው መስመር ላይ ሳለች ምጥ ይይዛታል፤ የኩባንያው ሐኪም ወደዚያ አልመጣም ይላል። በዚያው ሰዓት የሸሪፉ ረዳቶች ራሞንን አስረው በመኪና ውስጥ ይደበድቡታል። ካሜራው ከእርሷ ወደ እርሱ፣ ከእርሱ ወደ እርሷ ይመላለሳል። አንዱ የሌላውን ስም ሲጠራ ሁለቱ ድምፆች በአንድ ሥቃይ ይገናኛሉ። በዚህ ቅንብር ውስጥ የሚወረወር መፈክር የለም፤ የማዕድኑና የጓዳው ጭቆና ከአንድ ሥር እንደሚበቅል ግን ከዚህ የበለጠ አጥርቶ ማሳየት አስቸጋሪ ነው።

የድራማው ማዕከል ግን ባልና ሚስቱ ሌሊት በኩሽና ውስጥ የሚጋጩበት ቦታ ነው። ሴቶቹ ታስረው ተፈትተዋል፤ ኤስፔራንዛ በሰው ፊት መናገር ለምዳለች፤ ጎረቤቶችም ለምክር ወደ ቤቷ ይመጣሉ። ራሞን ይህን መሸከም አቅቶታል። እርሷም አለቆቹ እርሱን ከበታች አድርገው ማየታቸው የሚያንገበግበው ሰው፣ ራሱ ሚስቱን ከበታች ሲያይ ስለምን እንደማይሰማው ትጠይቀዋለች። እጁን ያነሣል። እርሷ ግን አትሸሽም፤ ይህ የድሮው መንገድ እንደሆነና ሁለተኛ እንዳይሞክረው ታስጠነቅቀዋለች። እጁ ሳያርፍ ይወርዳል። ራሞን እስከዚያ ድረስ የተመልካቹ ጀግና ነው፤ ተደብድቦአል፣ ታስሮአል፣ ለባልንጀሮቹ ቆሞአል። ደራሲው እንዲህ ያለውን የተወደደ ሰው በበዝባዡ አኳኋን ማሳየቱ ድፍረት ነው። ተመልካቹ በዚያች ቅጽበት ጨቋኝን ሩቅ ቦታ መፈለጉን ትቶ በራሱ ቤት ይፈልገዋል።

ይህ ሒስ በባልና በሚስት መካከል ብቻ አይወሰንም። የማኅበሩ ነጭ አደራጅ ወደ ራሞን ቤት ሲመጣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሜክሲኮውን ታላቅ መሪ የቤኒቶ ኹዋሬስን ሥዕል አይቶ ማን እንደሆነ አያውቅም። ራሞን ሊያደራጀው የመጣውን ሕዝብ ታሪክ ባለማወቁ ይገሥጸዋል፤ አደራጁም ተግሣጹን ይቀበላል። ለሕዝብ እሠራለሁ የሚል ሁሉ ሕዝቡን እንዲማር የሚያስገድድ ይህን ያህል አጭርና ጠንካራ ትዕይንት በብዙ ረጃጅም ተውኔቶች ውስጥ አይገኝም።

ሥራውን ማን አረመው?

ፊልሙ ለጸሐፌ ተውኔትና ለባህል ሠራተኛ የሚያቀርበው ከፍተኛው ትምህርት በአሠራሩ ላይ ነው። ዊልሰን አድማው ገና ሳያበቃ ወደ ስፍራው ሄዶ ከሠራተኞቹ ጋር ተቀመጠ፤ ድርሰቱን ጽፎም ወደ እነርሱ ተመለሰ። ድርሰቱ በማኅበሩ አባላትና በቤተሰቦቻቸው ፊት እየተነበበ በሰፊው ተተቸ። በመጀመሪያው ረቂቅ ውስጥ ራሞን ከሌላ ሴት ጋር ሲማግጥ፣ በመጨረሻዋ የደመወዝ ገንዘቡ መጠጥ ሲገዛ፣ ኤስፔራንዛም የፈሰሰ መጠጥ በቀሚሷ ስትጠርግ የሚያሳዩ ቦታዎች ነበሩ። ሠራተኞቹ እነዚህን አልተቀበሉም፤ ተሠረዙም።

አንድ ሐያሲ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ሊጠይቅ ይገባል። ይህ እርማት ደራሲውን በነጻ ከመጻፍ አላገደውምን? ሕዝቡስ ድክመቱን ለመሸፈን ሲል እውነትን አላስወጣምን? መልሱ የሚገኘው ከተሠረዘው ይልቅ ሳይሠረዝ በቀረው ነገር ላይ ነው። የተሠረዙት ቦታዎች ሜክሲካዊውን ሰካራምና ሴሰኛ፣ ሚስቱንም ዝርክርክ አድርጎ ሲስል የኖረው የንግድ ሲኒማ ያለማመዳቸው ሥዕሎች ናቸው። በእርግጥ የሚያሳፍረው፣ እውነተኛም የሆነው ነገር፣ ማለትም ባል በሚስቱ ላይ እጁን ማንሣቱ፣ ወንዶቹ በስብሰባ ላይ ሴቶቹን ዝም ማሰኘታቸው፣ አልተነካም። ሠራተኞቹ የተዋሱትን ነውር ጥለው የራሳቸውን ነውር ተቀበሉ። ክብርን በመጠበቅና እውነትን በመደበቅ መካከል ያለውን ልዩነት ብዙ የተማሩ ሰዎች ያጡታል፤ እነዚህ ሰዎች ግን አላጡትም።

የተዋንያኑም ምርጫ ከዚሁ አሠራር የተገኘ ነው። የኤስፔራንዛን ቦታ በመጀመሪያ እንድትይዝ የታሰበችው የአዘጋጁ ባለቤት የነበረችውና እርሷም ከሥራ የታገደችው ዝነኛዋ ተዋናይ ጌል ሶንደርጋርድ ነበረች። ኋላ ግን የሜክሲካውያንን ኑሮ ነጭ ተዋንያን መሪ ሆነው ቢጫወቱት ፊልሙ ራሱ የሚታገለውን በደል እንደሚሠራ ታመነበት። ቦታው ለሜክሲኮአዊቷ ለሮዛውራ ሬቩኤልታስ ተሰጠ። ራሞንን የተጫወተው የ890ኛው ቅርንጫፍ ሊቀ መንበር ኹዋን ቻኮን ነው። ከጥቂት ባለሙያዎች በቀር የቀሩት ሁሉ አድማውን የመቱት ሠራተኞች፣ ሚስቶቻቸውና ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ቻኮን በሙያ የሰለጠነ ተዋናይ አይደለም፤ በረጃጅም ንግግሮቹ ላይ ይደርቃል። ነገር ግን ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ፊቱ ላይ የሚነበበውን እልህ ማንም ባለሙያ በልምምድ አያገኘውም።

ፊልሙን የማፈን ዘመቻ

የዚህ ታሪክ መዘንጋት በራሱ የሆነ ነገር እንዳልነበረ የፊልሙ ዕጣ ይመሰክራል። ቢበርማን በ1947 በአሜሪካ ምክር ቤት የምርመራ ኮሚቴ ፊት ስለ እምነቱ አልመልስም ካሉት አሥር የሆሊውድ ሰዎች አንዱ ነበር፤ ለዚህም በ1950 ታስሮአል። ዊልሰንና ጃሪኮም ከፊልም ሥራ ታግደው ነበር። ዊልሰን ከታገደ በኋላ ቀደም ሲል በጻፈው ሌላ ፊልም የ1951ን የኦስካር ሽልማት ማግኘቱ የዘመኑን ምጸት ያሳያል።

ፊልሙ በ1953 መጀመሪያ ላይ ገና በመቀረጽ ላይ ሳለ ዶናልድ ጃክሰን የተባለ የምክር ቤት አባል ለጠላት መሣሪያ የሚሆን ሥራ ነው ብሎ በምክር ቤቱ አወገዘው። የፊልም ኩባንያ ባለቤት የነበረው ኃዋርድ ሂውዝ ፊልሙ እንዳይጠናቀቅ ከፊልም ማጠቢያው ጀምሮ እስከ ድምፅ ቅጂውና እስከ ማሳያው መሣሪያ ድረስ የት የት ቦታ ሊታገድ እንደሚችል በደብዳቤ ዘረዘረ። ሬቩኤልታስ በኢሚግሬሽን ሹማምንት ተይዛ ወደ ሜክሲኮ እንድትመለስ ተደረገች፤ የቀሩት የእርሷ ትዕይንቶች በምትክ ተዋናይና በሜክሲኮ ምድር በተወሰዱ ምስሎች መሟላት ነበረባቸው። በቀረጻው ስፍራ የተደራጁ ሰዎች ሠራተኞቹን አስፈራሩ፤ ደበደቡም። ፊልሙ ከተጠናቀቀ በኋላ የማሳያ መሣሪያ ሠራተኞች ማኅበር አባላቱ እንዳያሳዩት ስላደረገ በመላው አገር በሩን የከፈተለት ሲኒማ ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር። እዚህ ላይ መራራ ትምህርት አለ፤ የሠራተኛውን ፊልም ከሠራተኛው ዓይን ለመሰወር ከተባበሩት መካከል የሠራተኛ ማኅበር ይገኝበታል።

በሌላው ዓለም ግን ሁኔታው የተለየ ነበር። ፊልሙ በ1954 በቼኮስሎቫኪያው የካርሎቪ ቫሪ ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት ተቀበለ። በገዛ አገሩ ከ1960ዎቹ ወዲህ በተማሪዎች፣ በሠራተኛ ማኅበራትና በሴቶች ንቅናቄ እየተፈለገ መታየት ጀመረ። በ1992 የአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ሊጠበቁ ከሚገባቸው ሥራዎች መካከል አስገባው። በአንድ ወቅት በመንግሥት ሹማምንት የተወገዘው ሥራ ከአርባ ዓመት በኋላ በመንግሥት ቤተ መጻሕፍት በቅርስነት ተቀመጠ።

ጉድለቶቹ

የተሰደደ ሥራ ሁሉ ከሒስ በላይ አይሆንም። ይህን ፊልም በስደቱ ምክንያት ብቻ ማወደስ ውለታ አይደለም። የመጀመሪያው ጉድለት በተቃራኒው ወገን ገጸ ባሕርያት ላይ ይታያል። የኩባንያው ሹማምንት፣ ሸሪፉና ረዳቶቹ ክፋታቸው ፊታቸው ላይ የተለጠፈ ነው። በዝባዥ ራሱን እንደ ደግ ሰው ቈጥሮ፣ ሕግ አክብሮ፣ በትሕትና ተናግሮ ሊበዘብዝ መቻሉ ይበልጥ የሚያስፈራ እውነት ነበር። ለራሞን የተሰጠው ውስጣዊ ትግል አንዲት ጭላንጭሏ እንኳ ለጠላቶቹ ቢሰጥ የድሉ ዋጋ ከፍ ይል ነበር። ጠላትን አቅልሎ መሳል ትግሉን ማቅለል ነው።

ሁለተኛው የተራኪዋን ድምፅ ይመለከታል። ድምፁ በመክፈቻው ላይ አስፈላጊና ውብ ነው፤ አልፎ አልፎ ግን ምስሉ አስቀድሞ የነገረንን ደግሞ ይነግረናል። ልብስ ማስጫው ላይ የቆመው የራሞን ፊት በቂ ሆኖ ሳለ ማብራሪያ ሲጨመርበት ተመልካቹ እንዳልተታመነ ይሰማዋል።

ሦስተኛውና ዋናው ፍጻሜው ነው። የሸሪፉ ሰዎች ኪንቴሮዎችን ከቤት ለማስወጣት ዕቃቸውን ወደ ደጅ ሲያወጡ የሰፈሩ ሕዝብ ያንኑ ዕቃ በሌላ በኩል መልሶ ያስገባል። ትዕይንቱ ለዓይን ደስ የሚያሰኝ፣ ኅብረትን ከንግግር በላይ የሚያሳይ ነው። ነገር ግን ራሞን ከኩሽናው ጠብ ወደዚህ ልብ ለውጥ የተሻገረበት ርቀት እጅግ አጭር ነው። ከዓመታት በኋላ ከአካባቢው የተሰበሰቡ ምስክርነቶች እንደሚያመለክቱት አድማው ካበቃ በኋላ በብዙ ቤቶች ውስጥ ነገሩ ወደ ቀድሞው ልማድ ተመልሶአል። ወንዶቹ ወደ ማዕድኑ ሲወርዱ ሴቶቹ ወደ ጓዳው ገብተዋል፤ ያችን «ለሌላ ጊዜ» የምትባለውን ቃልም እንደገና ሰምተዋል። ፊልሙ ይህን ሊያውቅ አይችልም ነበር ቢባል እንኳ ሊጠረጥረው ይችል ነበር። በኩሽናው ውስጥ የታየው ቍስል በአንድ ቀን ድል የሚሽር አልነበረምና።

ሆኖም ይህ ጉድለት የሥራውን መሠረት አያናጋም። ቤቶቹ ወደ ቀድሞው ልማድ ቢመለሱም ምስሉ አልተመለሰም። ከአድማው መስመር የተመለሱት ሴቶች የተናገሩትን ማንም ካልተናገሩት ሊቈጥረው አይችልም፤ ፊልሙ መስክሮባቸዋል፤ መስክሮላቸዋልም። ታሪክ የተዘነጉትን ዕለታት መልሶ የሚያነሣቸው እንዲህ ዓይነት ምስክር ሲኖር ነው።

ስለ ሰፊው ሕዝብ እጽፋለሁ የሚል ደራሲ ከ«የምድር ጨው» ሁለት ነገር ሊወስድ ይችላል። አንደኛ፣ ድርሰቱን ከማንም አስቀድሞ ሊያነቡት የሚገባቸው ኑሮአቸው የተጻፈባቸው ሰዎች ናቸው፤ እርማታቸውም ከአለቃ እርማት የተለየ መሆኑን መለየት አለበት። ሁለተኛ፣ የተጨቆነውን መውደድ ነውሩን መሸፈን አይደለም። ራሞን እጁን ያነሣባት ሌሊት ከፊልሙ ብትወጣ ኖሮ ሠራተኛው ይበልጥ የተከበረ ይመስል ነበር፤ ፊልሙ ግን ዛሬ የሚያስታውሰው ባላገኘም ነበር። የአገራችን ሰው «ጨው ለራስህ ብለህ ጣፍጥ፣ ያለዚያ ድንጋይ ብለው ይጥሉሃል» ይላል። የጨው ጣዕም ደግሞ ቍስል ላይ ሲያርፍ ያቃጥላል። ይህ ፊልም የማዕድኑን ባለቤት አቃጥሎአል፤ የማዕድኑን ሠራተኛም አልማረውም። ከሰባ ዓመት በላይ አልፎትም ጣዕሙ ያለው ስለዚህ ነው።